የአባይን ሸለቆ ባሕር ወደ ደሴ እናምጣው፦ የድጋፍ ጥሪ

የወሎ ደገኛ ባሕር የለውም። ሐይቅ አለው፣ አርዲቦ አለው፣ ወንዝማ ሞልቶታል። ባሕር ግን ካርታ ላይ በሰማያዊ የሚያየው ነገር ነው። እኛ ይህን ልንቀይር ነው ገንዘብ የምንጠይቃችሁ። አብሽሩ፣ ባሕር ልንቆፍር አይደለም። ባሕሩ ቀድሞ እዚሁ ነበር። ድንጋዩን ትቶልን ነው የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴና በአካባቢዋ ያለን መምህራን፣ የቀድሞ ተማሪዎችና የሰፈር ቅሬ (ዕድር) አባላት ሆነን አንድ የድንጋይ ማሳያና ማስተማሪያ ክፍል እያደራጀን ነው። ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል አግኝተናል። ጣሪያው ደህና ነው። መስኮቱና በሩ ግን የለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከተራቆቱት የወሎ ክፍሎች አንዱ ነው። ቤተ ሙከራዎች ባዶ በቀሩበት አገር ልጆቻችን ጂኦሎጂን በቃል እየሸመደዱ ነው። ድንጋይ ላይ ቆመው ስለ ድንጋይ ከወረቀት ይማራሉ። ይህ ያናድዳል።

የክፍሉ ዋና ነገር አንድ ግድግዳ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በእውነተኛ ድንጋይ እንገነባዋለን። በአባይ ሸለቆ ድንጋዮቹ ከታች ወደ ላይ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል፣ አሥሩን ሜትር በአንድ ሴንቲሜትር እያሳነስን ነው የምንሠራው። በዚህ ልክ ወንዝና ባሕር ያስቀመጡት ድንጋይ 1 ሜትር ከ40 በላይ ይሆናል። ከላዩ የሚመጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ በወፈረበት ቦታ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ አጠገቡ ሲቆም ባሕሩ ደረቱ ጋ፣ እሳቱ ከራሱ በላይ ይሆናል። ከዚህ በላይ ማስተማሪያ አናውቅም።

እስቲ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እንውጣው። ገንዘባችሁ የሚገዛው ነገር ይህ ስለሆነ በደንብ እዩት።

የአባይ ሸለቆ እስከ 1600 ሜትር ጠልቋል። ደጋው ላይ ጥቁር ድንጋይ ብቻ እያየ የኖረ ሰው ከከለላ ወይም ከወግዲ ወደ አባይ ሲወርድ፣ ወይም በወንጪት ወንዝ በኩል ሲያቆለቁል፣ የገደሉ ቀለም ይቀየርበታል። ጥቁሩ ያልቅና ነጣ ያለ፣ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ ድንጋይ ይመጣል። ከታች ያለው የአሸዋ ድንጋይ 300 ሜትር ገደማ ይወፍራል። እሱ ባሕር አያውቅም። ወንዞች ያመጡት አሸዋ ነው። ያኔ አፍሪካ፣ ዓረቢያ፣ ሕንድና ማዳጋስካር ጎንድዋና በሚባል አንድ ሰፊ ምድር ተያይዘው ነበር።

ከዚያ ያ ምድር መሰንጠቅ ጀመረ። ሕንድና ማዳጋስካር ከአፍሪካ ሊለዩ ሲሉ በመካከሉ መሬቱ ሰጠመ፣ ውሃውም ገባ። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ፣ በኦጋዴን በኩል አልፎ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዘለቀ። ዘመኑ ጁራሲክ ይባላል፤ ከዛሬ 201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃ፣ ዳይኖሰሮች የነገሡበት ጊዜ ነው። ባሕሩ አባይ ሸለቆ መድረሱን የሚናገረው መጀመሪያ 30 ሜትር ገደማ የሆነ አሸዋማ የጭቃ ድንጋይ ነው። በላዩ 450 ሜትር የሚሆን የኖራ ድንጋይ አለ። ከዚያ ጄሶ ይመጣል። ከጄሶው በላይ ሌላ የኖራ ድንጋይ፣ እሱም 400 ሜትር ገደማ።

ጄሶው ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው ኖራውን አይቶ ይደነቅና ጄሶውን ያልፈዋል። ለእኔ ግን ከግድግዳው ሁሉ ትልቁ ወሬ እሱ ጋ ነው ያለው። ጄሶ በብዛት የሚፈጠረው የባሕር ውሃ ተዘግቶ ሲተን ነው። ውሃው እየቀነሰ፣ ጨውነቱ እየበረታ ይሄድና ጄሶው ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ባሕሩ አንድ ጊዜ መጥቶ አልሄደም። መጣ፣ ጠለቅ አለ፣ ደረቀ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። በሁለት የኖራ ድንጋዮች መካከል ያለች አንዲት የጄሶ ንጣፍ ይህን ሁሉ ትናገራለች።

ይህ ተረት የሚመስለው ካለ ወደ አፋር ዞር ይበል። ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ረባዳ ገብቶ፣ መንገዱ ተዘግቶበት ተንኖ ነው ያ ሁሉ ጨው የተዘረጋው። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃ ውስጥ ያደገ ኮራል (ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) ዛሬ በረሃ ዳር ደርቆ ቆሟል። በግመልና በበቅሎ ወደ ወሎ ገበያ ሲወጣ የኖረው አሞሌ የዚያ ባሕር ትራፊ ነው። አያቶቻችን ባሕር ሳያዩ ባሕር ሲነግዱ ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ገደል ላይ ዛጎል አይቶ «የኖኅ ዘመን ውሃ ነው» ወይም «የነቢዩ ኑሕ ውሃ ነው» የሚል ሰው አለ። አይፈረድበትም። ውሃ እዚህ ደርሶ ነበር ማለቱ እኮ ትክክል ነው። ድንጋዩ የሚናገረው ጊዜ ግን የ40 ቀን ዝናብ አይደለም። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ከዛጎል ስባሪ፣ ከኮራልና ከደቃቅ የኖራ ጭቃ በዝግታ የሚጠራቀም ነው። ጎርፍ ደግሞ ጄሶ አይተውም፤ ጄሶ ፀሐይና ትዕግሥት ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ የሃይማኖት ክርክር አንከፍትም። ኖራና ጄሶን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ልጁ ራሱ ይጠይቅ።

ቀሪውን በአጭሩ ልበል። መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ አለና ባሕሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። ወንዞች ደግመው መጡ፣ 280 ሜትር ገደማ የላይኛውን የአሸዋ ድንጋይ አለበሱት። በጎረቤታችን በጀማ ወንዝ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርስ የተገኘው ባሕሩ ሲሸሽ በቀረው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከዚያ በጣም ረጅም ጊዜ ድንጋዩ ዝም ይላል። ዝምታው የተሰበረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። መሬቱ ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፣ ደግሞ ፈሰሰ፣ እስከ 2000 ሜትር ተከመረ። ደጋው የተሠራው ያኔ ነው። ላሊበላ የተፈለፈለው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በደላንታ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይም ከባሕር አይደለም፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ነው። በኋላ ደጋው ከፍ ከፍ ሲል አባይ እየሰረሰረ ወረደ። የተቀበረውን ባሕር የከፈተልን አባይ ነው። ዛሬ ያ የባሕር ወለል ከአሁኑ ባሕር ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ገደል ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ካለፉ በኋላ ጦሩ ብራናና ታቦት ጭኖ ተመለሰ። ብላንፎርድ ደግሞ የድንጋዩን ማስታወሻ ይዞ ሄደ። የእሱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1870 ታተመ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ ጥቁር ድንጋዮች የሚባሉት ስሞች ከእሱ ጀምሮ የመጡ ናቸው። መቅደላ በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፍ ውስጥ የድንጋይ ስም ሆኖ ሲጠራ ከ150 ዓመት በላይ ሆነው። እዚያው መቅደላ አጠገብ፣ ተንታ ላይ ያለ ተማሪ ግን ይህን ማን ነገረው?

«ሰው ዳቦ ባጣበት ዘመን ድንጋይ?» የሚለንን ሰው ሰምተናል። ደግሞም እውነት አለው። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ለታመመ ጎረቤታችሁ ስጡት፤ አንቀየምም። ግን ድንጋይን ማወቅ ቅንጦት ነው የሚለውን አንቀበልም። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት። ቤት የት እንደሚሠራ፣ ውሃ የት እንደሚቆፈር፣ የትኛው ገደል እንደሚናድ የሚያውቅ ልጅ ከየት ይመጣል? ደላንታ ላይ ኦፓል ፍለጋ ጉድጓድ ተንዶባቸው የቀሩ ወጣቶች አሉን። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጄሶም ይገባበታል። ያ ጥንታዊ ባሕር ዛሬ ቤታችሁን አቁሟል።

አሁን ወደምንፈልገው። መጀመሪያ በርና መስኮት፣ ብረቱም መስታወቱም። ለግድግዳው ሲሚንቶና የግንበኛ ዋጋ። ድንጋዩን ከቆላ የሚያመጣ አይሱዙ። መስታወት ያለውና የሚቆለፍ ቡፌ፣ ሁለት ቢሆን ደስ ይለናል። አጉሊ መነጽሮች፣ ቢያንስ ለአንድ ክፍል ልጅ በየቡድኑ እንዲደርስ። ኮምጣጤውን እኛው እንችላለን። የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲደረግ አረፋ ይደፍቃል፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግን ምንም የለም። ልጆች የሚጮኹት እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻም ተማሪዎችን በዓመት አንዴ ወደ ሸለቆው አፋፍ የሚወስድ ቅጥቅጥና የምሳ ወጪ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይኸኛው ነው። ሆኖም ገደሉን ያላየ ልጅ ግድግዳውን ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው።

ገንዘብ የሌላችሁ ሙያ አላችሁ። አናጢ፣ ግንበኛ፣ የብየዳ ሠራተኛ፣ ሥዕል የሚችል፣ አማርኛ ጽሑፍ የሚያርም፣ ሁሉም ይፈለጋል። የወሎ ሰብል በወንፈል ነው የሚታጨደው፤ ይህም እንደዚያው ይሁን። ውጭ አገር ያላችሁ ወሎዬዎች፣ አጉሊ መነጽር እዚያ በቀላሉ ይገኛል፤ ለሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጉልን።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ዛጎልም ሆነ የአጥንት ቅሪት ያለበት ድንጋይ አታምጡልን። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 209 መሠረት እንዲህ ያለው ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከቦታው አይነሣም፣ አይሸጥም። ካገኛችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ መጠኑ እንዲታወቅ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ለእኛ ፎቶው ይበቃናል፣ አትመን እንሰቅለዋለን። ከቦታው የተነሣ ዛጎል ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ካልታወቀ ለተመራማሪ ብዙም አይነግረውም። ተራውን ኖራ፣ ጄሶና አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተነጋግረን ራሳችን እናመጣለን።

አሰጣጡ ቀላል ነው። 50 ብርም ሆነ 5000 ብር፣ ሁሉም ካርኒ ይቆረጥለታል። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፤ አንዱ ፈራሚ ከቅሬ ዳኞች ነው። የሂሳብ ቁጥሩ በየቅሬው በተሰጠው፣ የኮሚቴው ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ላይ አለ። በቴሌግራም ሌላ ቁጥር ቢደርሳችሁ የእኛ አይደለም፣ አትላኩ። ገቢና ወጪው በየወሩ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ቀሪ ገንዘብ ከተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ይቀመጣል።

በርና መስኮቱን ከክረምቱ በፊት መግጠም አለብን፤ ዝናብ ከገባ ግድግዳው አይደርቅም። ስለዚህ ለእነሱ የሚሆነው መዋጮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢደርሰን ጥሩ ነው። የቀረው እስከ መስከረም ይጠብቃል። አይሱዙ ያለው ሰው ግን ዛሬውኑ ቢነግረን ይሻላል፤ ዝናብ ከጀመረ የቆላው መንገድ አይገባም።