የቅድመ ምርጫ ንግግር እንደ ረቂቅ ሕግ ይነበብ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በቀረበ ቁጥር በአማርኛ የሚዘጋጁ መገናኛ ብዙኃን፣ የእናንተን ጋዜጣ ጨምሮ፣ የፓርቲዎቹን ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጥበትን ውድድር፣ የሚዘግቡት በአብዛኛው ማን እንደመራ፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረና ማን ገንዘብ አልቆበት ከውድድሩ እንደወጣ በመንገር ነው። ተወዳዳሪው ስለ ሽብርተኝነትና ስለ ብሔራዊ ደኅንነት የሰጠው ቃል ግን ለአንድ ቀን ርዕስ ሆኖ ይወጣና ይረሳል። በእኔ እምነት ይህ አያያዝ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በቅድመ ምርጫ ወቅት ስለ ደኅንነት የሚነገር ቃል ገና ያልጸደቀ ሕግ በመሆኑ እንደ ማንኛውም ረቂቅ ሕግ ቃል በቃል ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህም ዶናልድ ትራምፕ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ለመሆን በተወዳደሩበት ወቅት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 እና በ2016፣ ያሰሙትን የቅስቀሳ መልእክት በማስረጃነት አቀርባለሁ።

ዲሴምበር 7 ቀን 2015 የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ባወጣው መግለጫ፣ የአገሪቱ መሪዎች ምን እየተካሄደ እንደሆነ እስኪያውቁ ድረስ ሙስሊሞች ወደ አሜሪካ መግባታቸው ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ጠየቀ። ትራምፕ በዚያው ምሽት በሳውዝ ካሮላይና፣ ዮርክታውን በተባለው የቀድሞ የጦር መርከብ ላይ ለተሰበሰቡ ደጋፊዎቻቸው መግለጫውን ራሳቸው አነበቡት፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበለው። ከተፎካካሪዎቻቸው መካከል ጄብ ቡሽና ማርኮ ሩቢዮ ሐሳቡን እንደማይቀበሉ ወዲያውኑ ተናገሩ። በጊዜው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ፖል ራያን ይህ የፓርቲያችን አቋም አይደለም አሉ፤ የኢንዲያና ገዥ የነበሩት ማይክ ፔንስ ደግሞ አጸያፊና ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ሲሉ ነቀፉት።

መልእክቱ ጆሮ ያገኘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ኖቬምበር 13፣ በፓሪስ በተፈጸሙት ጥቃቶች 130 ሰዎች ተገድለዋል። ዲሴምበር 2 ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ሳን በርናርዲኖ ባልና ሚስት በከፈቱት ተኩስ 14 ሰዎች ሞተዋል። እኛ ኢትዮጵያውያንም የአይሲስን ጭካኔ በሩቁ የሰማነው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ቡድኑ በሊቢያ ወገኖቻችንን ስለ ሃይማኖታቸው ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳይ ቪዲዮ አሰራጭቶ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ሐዘን አውጃለች፣ እዚህ አሜሪካ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችንም ጸሎተ ፍትሐት አድርሰዋል። ስለዚህ አይሲስን እደመስሳለሁ የሚል ፖለቲከኛ ሲነሣ ልቡ ወደዚያ ያዘነበለ ኢትዮጵያዊ ቢኖር አልፈርድበትም። ሐዘኑ እውነተኛ ነበረ፤ ደኅንነትን የሚጠይቅ መራጭም ሊከበር እንጂ ሊናቅ አይገባውም።

ጥያቄው የቀረበው መድኃኒት ከበሽታው ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው ነበር። ከሳን በርናርዲኖ ገዳዮች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ዜጋ ነበር፤ ሚስቱ ፓኪስታናዊት ስትሆን የገባችውም ለእጮኛ በሚሰጥ ቪዛ ነው። ይህ ስለ ቪዛ ምርመራ ጥብቅ ጥያቄ ለማንሣት በቂ ምክንያት ነው፤ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል በላይ ተከታይ ያለውን ሃይማኖት በጅምላ ለማገድ ግን ምክንያት አይሆንም። የአንድን ሰው ሃይማኖት የቪዛ መኮንን በምን ያረጋግጣል? አሸባሪ የሆነ ሰው ሲጠየቅ ሙስሊም አይደለሁም ብሎ ቢዋሽ ምን ይከለክለዋል? እነዚህን የመሰሉ ቀላል ጥያቄዎች በምርጫ ሰሞን በእኛ ጋዜጦች ላይ ጎልተው ሲወጡ አላየሁም።

የቅድመ ምርጫ ባሕርይም ሊጤን ይገባዋል። ተወዳዳሪው የሚናገረው ለመላው ሕዝብ ሳይሆን ለፓርቲው ትጉህ መራጮች ነው፤ ከራሱ ፓርቲ ሰዎች ጋር ስለሚሽቀዳደም አንዱ የተናገረውን ሌላው አክርሮ ይደግመዋል። ቴድ ክሩዝ በአይዋ አይሲስን በጅምላ የቦምብ ድብደባ እናጠፋለን አሉ፤ በዲሴምበሩ የላስ ቬጋስ ክርክር ግን ከተማን ማለቴ አይደለም፣ የአይሲስ ወታደር ያለበትን ቦታ ነው ብለው ለማብራራት ተገደዱ። ትራምፕ የአሸባሪዎችን ቤተሰቦች ጭምር ማጥቃት እንደሚያስፈልግ ተናገሩ፤ በፌብሩዋሪ 2016ቱ የኒው ሃምፕሸር ክርክር ደግሞ እስረኛን በውኃ የማፈን ምርመራን ከዚያም የከፋውን እመልሳለሁ አሉ። ሁለቱም ሐሳቦች አሜሪካ የፈረመቻቸውን የጄኔቫ ስምምነቶችና የስቃይ መከላከያ ስምምነትን የሚነኩ ነበሩ። በጃንዋሪ 2016 የተሰራጨው የመጀመሪያው የትራምፕ የቴሌቪዥን ማስታወቂያም ስለ ሽብርና ስለ ሜክሲኮ ድንበር እየተናገረ ሰዎች ድንበር ጥሰው ሲሮጡ የሚያሳይ ምስል አቅርቦ ነበር፤ ምስሉ ግን የተቀረጸው በሞሮኮና በስፔይኗ ግዛት በሜሊላ ድንበር ላይ እንደሆነ ወዲያውኑ ተጋለጠ። ይህ ሁሉ ተደርጎም በሳውዝ ካሮላይና ድምፅ ሰጥተው ለወጡ የሪፐብሊካን መራጮች በቀረበው መጠይቅ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሙስሊሞችን የማገዱን ሐሳብ ደግፈዋል።

በደኅንነት ስም መቀስቀስ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ፓርቲ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2008 ሂላሪ ክሊንተን ከቴክሳስና ከኦሃዮ ምርጫዎች በፊት ያሰራጩት ማስታወቂያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃናት ተኝተው ሳለ በዋይት ሐውስ የሚጮኸውን ስልክ ማን ያንሣው እያለ የባራክ ኦባማን ልምድ ማነስ ይጠቁም ነበር። በዚያው ዓመት በሪፐብሊካን በኩል የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ ቅስቀሳቸውን በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ላይ አቆሙ። ለወራት የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችን ቢመሩም፣ የመጀመሪያዎቹን ግዛቶች ችላ ብለው ተስፋቸውን በፍሎሪዳ ላይ ጥለው በጃንዋሪ መጨረሻ በሦስተኛነት ተሸነፉ። የሁለቱን ሪፐብሊካውያን መልእክት ሳነጻጽር አንድ ልዩነት ይታየኛል። ጁሊያኒ መራጩን ያለፈውን እንዲያስታውስና በእርሳቸው እንዲተማመን ጠየቁ፤ ትራምፕ ግን ነገ የሚያደርጉትን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነገሩት። ሁለተኛው ዓይነት መልእክት ቃል ኪዳን በመሆኑ ከማንኛውም ትዝታ ይልቅ ክብደት አለው፤ ተናጋሪው ሲያሸንፍም ደጋፊው ያንኑ ቃል ይዞ ይጠይቀዋል።

በ2016 ከማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለድምፅ ብሎ ነው፣ ሲመረጥ ይተወዋል ይሉ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2017፣ በፔንታገን ተገኝተው የኢራን፣ የኢራቅ፣ የሊቢያ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን፣ የሶርያና የየመን ዜጎች ለ90 ቀናት ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግደውንና የስደተኞችን ቅበላ ለ120 ቀናት የሚያቋርጠውን ትዕዛዝ ፈረሙ። አጸያፊ ነው ያሉት ማይክ ፔንስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው አጠገባቸው ቆመው ነበር። ጁሊያኒም በማግስቱ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ትራምፕ የሙስሊም እገዳውን በሕጋዊ መንገድ እንዴት መፈጸም እንደሚቻል እንዲያሳዩዋቸው ጠይቀዋቸው እንደነበር ተናገሩ። ለሐቅ ያህል፣ የሰባቱ አገሮች ስም በኦባማ አስተዳደር ጊዜ ያለ ቪዛ የመግባት መብትን ለማጥበብ በወጣ ሕግና መመሪያ ውስጥ የነበረ ነው፤ ያ ግን ወደ እነዚያ አገሮች የተጓዙ አውሮፓውያንንና መሰሎቻቸውን ቪዛ እንዲጠይቁ የሚያስገድድ እንጂ የአገሮቹን ዜጎች የሚያግድ አልነበረም። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ፈጻሚዎች መካከል 15ቱ የሳውዲ ዜጎች እንደነበሩና ከ19ኙ አንዳቸውም ከሰባቱ አገሮች እንዳልነበሩም መዘንጋት የለበትም።

ትዕዛዙ በተፈረመ በማግስቱ ሁለት የየመን ወንድማማቾች የመኖሪያ ቪዛቸውን ይዘው በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። እዚያም መብታቸውን የሚተዉበት ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ተደርገው ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው አውሮፕላን ተሳፈሩ፤ ለቀናት ከተንገላቱ በኋላ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ተመልሰው ገቡ። ደለስ እናቶቻችንን የምንቀበልበት፣ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ አገር ቤት የምንሄድበት በር ነው። በዚያ ቅዳሜ በብሩክሊንና በአሌክሳንድሪያ የፌዴራል ዳኞች አፈጻጸሙን በከፊል ያገዱት ጠበቆች በአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ወለል ላይ ተቀምጠው አቤቱታ ሲጽፉ በማደራቸው ነው።

ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ተንከባልሎ፣ ትዕዛዙም ሁለት ጊዜ ተከልሶ፣ ጁን 26 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ሦስተኛውን ቅጂ አጸና። የልዩነት ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በምርጫ ዘመቻው የተነገሩትን ቃላት አንድ በአንድ ዘርዝረው የትዕዛዙ ዓላማ ሃይማኖት ነው ሲሉ ተከራከሩ። አብላጫውን የወከሉት ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስም ንግግሮቹን በፍርዱ ላይ አስፍረዋቸዋል፤ ነገር ግን በድንበር ጉዳይ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሰፊ መሆኑን ጠቅሰው የትዕዛዙ ጽሑፍ ራሱን ችሎ በደኅንነት ምክንያት ሊቆም ይችላል አሉ። ለእኔ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ተወዳዳሪው በመድረክ ላይ የተናገረው ክፉ ቃል ከተመረጠ በኋላ በፍርድ ቤት ይታረማል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ቃሉ ሊመረመርና ሊመከት የሚችለው መራጩ ድምፁን ሳይሰጥ በፊት ነው።

እገዳው ከዚያም አልቆመም። በጃንዋሪ 2020 ኤርትራ በዝርዝሩ ገባች፤ በጃንዋሪ 2021 ጆ ባይደን ሁሉንም ሻሩት፤ በጁን 2025 ደግሞ ትራምፕ በሁለተኛ ዘመናቸው 12 አገሮችን ሙሉ በሙሉ ሲያግዱ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን በውስጡ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የቀረበው ምክንያት ሽብርን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ የቪዛ ጊዜን አሳልፎ መቅረትና አገሮቹ ከአሜሪካ የሚባረሩ ዜጎቻቸውን አንቀበልም ማለታቸውም ተጨምሮበታል። በ2015 ስለ አንድ ሃይማኖት የተነገረ ቃል በአሥር ዓመት ውስጥ ከሃይማኖት ወደ አገር፣ ከሽብር ወደ ቪዛ አያያዝ ተዛውሮ የጎረቤቶቻችንንና ከእነርሱ ጋር የተጋቡ ቤተሰቦቻችንን ደጃፍ መታ። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ኤርትራዊት የሆነች ልጅ ባለችበት ቤት ይህ የውጭ ዜና አይደለም።

እኔ በምኖርባት በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ አባልነት አይመዘገብም፤ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ በሚደረገው ቅድመ ምርጫ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ድምፅ መስጠት ይችላል። ማርች 1 ቀን 2016 በተደረገው የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ትራምፕ እገዳውን የተቃወሙትን ሩቢዮን የበለጡት ከ30 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነበር። ለማን መስጠት እንደነበረብን መናገሬ አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ዋናው ምርጫ በኖቬምበር ነው በማለት ያን ቀን ቤታችን ዋልን። በአንጻሩ በሜሪላንድ ቀድሞ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው በቅድመ ምርጫው ስለማይሳተፍ፣ ድምፅ መስጠት ሲያምረው ቀኑ ያለፈበት ወገናችን ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ለሚቀጥለው ቅድመ ምርጫ፣ የማንኛውም ፓርቲ ተወዳዳሪ ስለ ሽብርና ስለ ደኅንነት ሲናገር፣ ንግግሩን በትክክል ተርጉማችሁ ሙሉውን አትሙ፤ ከጎኑም ሐሳቡ በየትኛው ሕግ እንደሚፈጸም፣ ማንን እንደሚነካ፣ ኮንግረሱን እንደሚያስፈልገው ወይም በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ እንደሚያልቅ የሚያስረዳ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አስተያየት አክሉበት። ይህን ስታደርጉ የሙስሊም አንባቢዎቻችሁ ድምፅ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ በ2015 በእነርሱ ላይ የተነገረውን እነርሱ ሳይጠየቁ ሌሎቻችን ብቻ ስናወራው ከርመናል። የየግዛቱን የመራጮች ምዝገባና የፓርቲ ምዝገባ ማብቂያ ቀንም ከወር በፊት ጀምራችሁ በፊት ገጽ ላይ ብታወጡልን ለአንባቢዎቻችሁ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ