የሥነ ተዋልዶ ጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የመታቀብ ትምህርት ውጤት በምን ይለካል?

ክበባችን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ መታቀብ፣ ማለትም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለ መቆጠብ፣ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ በየዓመቱ ይቀርብ የነበረው ዘገባ ግን የመድረኮቹንና የተሳታፊዎቹን ብዛት ከመግለጽ አያልፍም ነበር። ዘንድሮ አባላቱ «ትምህርቱ በእርግጥ ልጆቹን ይጠቅማቸዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ዋነኛ ሥራቸው አድርገው ይዘዋል። ጥያቄውን ያነሡት ተማሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው እንደ ክበቡ ተጠሪ መምህር እጅግ አስደስቶኛል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በንባብና በውይይት አለፈ። አብዝቶ ያከራከረን በአሜሪካ ኮንግረስ ትእዛዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ ከ2,000 በላይ ልጆችን በዕጣ መድበው ከፊሎቹ በአራት የመታቀብ ፕሮግራሞች እንዲማሩ፣ የቀሩት ደግሞ በማነጻጸሪያነት እንዲቆዩ አድርገዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ታቅበው የቆዩ ሲሆን፣ ግንኙነት የጀመሩትም የጀመሩበት አማካይ ዕድሜ አልተለያየም። ይህን ሲያነቡ አንዳንድ አባላት ትምህርቱ ይቅር እስከ ማለት ደረሱ።

ሌሎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ይዘው ቀረቡ። በዚህኛው የተሳተፉት የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 12 ዓመት የሆነ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ነበሩ። የስምንት ሰዓት የመታቀብ ትምህርት ከወሰዱት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ግንኙነት የጀመሩት 33 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ግን 47 በመቶ ያህል ነበሩ። ትምህርቱ «እስከ ጋብቻ ጠብቁ» አይልም፤ ኮንዶምንም አያጥላላም፤ ልጆቹ ዝግጁ እስኪሆኑ እንዲያቆዩት ይመክራል፣ ግፊትን መቋቋምንም ያለማምዳል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም፤ ለየትኛው ዕድሜ፣ ምን ተብሎና እንዴት እንደተሰጠ ሳይለይ «የመታቀብ ትምህርት» በሚል አንድ ስም ብቻ መፍረድ እንደማይገባ ያሳያሉ። በምዕራብ ኬንያ የተገኘው ውጤትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ መታቀብን የሚያስቀድመውን ሥርዓተ ትምህርት እንዲያስተምሩ መምህራንን ማሠልጠኑ የልጃገረዶችን እርግዝና አልቀነሰም፤ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ከእኩዮቻቸው ይልቅ በኤች አይ ቪ የተያዙ የመሆን ዕድላቸው ከፍ እንደሚል የተነገራቸው ልጃገረዶች ዘንድ ግን የማርገዝ መጠኑ በ28 በመቶ ዝቅ ብሏል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባላቱ የራሳቸውን መጠይቅ አዘጋጁ። ከሁሉ የከበደው ልጆች መምህሩ የሚወደውን መልስ ከመስጠት እንዲቆጠቡ ማድረግ ነበር። «ለመታቀብ ወስነሃል?» የሚለው ጥያቄ ትምህርቱ እንዳለቀ ቢቀርብ ሁሉም «አዎ» ሊል ይችላል፤ ይህ መልስ ግን ከዓመታት በኋላ ስለሚሆነው ብዙም አይነግረንም። ስለዚህ መጠይቁ ስም እንዳይጻፍበት፣ ተማሪው ለራሱ ብቻ የሚያውቀውን ምልክት እንዲያደርግበት፣ መምህራንም መልሱን እንዳያዩ ተወሰነ፤ የወላጆች ፈቃድም ተጠየቀ። ለጋ ልጆችን ስለ ገመናቸው መጠየቁን ሳንፈልገው ቀርተን፣ እውቀትንና እምቢ የማለት ችሎታን ብቻ ለካን። ከዚያም ክፍሎቹን በዕጣ ለይተን፣ ከፊሎቹ ትምህርቱን ቀድመው፣ የቀሩት ዘግይተው እንዲወስዱ አደረግን፤ በዚህም ማነጻጸሪያ አገኘን፣ ማንም ከትምህርቱ አልቀረም።

በእውቀት ረገድ ቀድመው የተማሩት ክፍሎች በግልጽ በልጠው ተገኝተዋል። እምቢ በማለት ችሎታ ግን ልዩነት የታየው በድርጊት ልምምድ በተደገፉት ክፍሎች ብቻ ነው፤ ገለጻ ብቻ የሰሙት ገና ካልተማሩት ብዙም አልተለዩም። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት የጥቂት ወራት ልኬት ስለሆነ ስለ ልጆቹ የወደፊት ምግባር አያስረዳም፤ የምናስተምርበትን መንገድ ለመለወጥ ግን በቂ ምክንያት ሆኖናል። ስለዚህ በመጪው ዓመት የገለጻው ሰዓት በግማሽ ተቀንሶ ለልምምድ ይውላል፤ ዘንድሮ የሞሉት ተማሪዎችም ያንኑ መጠይቅ ዳግም እንዲሞሉ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል።