የድንጋይ መስኮቶቻችን በአሸዋ አይገረፉ፤ ለሕንፃ ፈቃድና ለቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ ቤት ባለቤቶች የቤታችንን ፊት እንድናድስ ያዘዛችሁበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ቤቶቹ በእርግጥም ተጎሳቁለዋል። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ አንቀጽ ነው። በመስኮት ዙሪያ ያለው የድንጋይ መቃንና ጉበን አሮጌ ቀለሙ በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ ይነሣ፣ የተሸረፈው በሲሚንቶ ይሞላ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ቀለም ይቀባ ይላል። እባክዎ ይህን አንቀጽ ይሰርዙልን።

አሸዋው ቀለሙን ብቻ ለይቶ አያነሣም። የኖራ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ለስላሳ ናቸው። በግፊት ሲረጭባቸው የላይኛው ገጻቸው አብሮ ይበላል። የጠራቢው የመሮ ምልክት ይጠፋል፣ የቅርጹ ጠርዝ ይዶለዱማል። የቀረው ድንጋይ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ውሃ ይመጥጣል።

ሲሚንቶና ፕላስቲክ ቀለም የሚያደርሱትን ጉዳት በራሴ ቤት አይቻለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች የአንዱን መስኮት ደፍ በሲሚንቶ ጠግነው ፕላስቲክ ቀለም ቀብተውታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ሲሉ ግን ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጧል። አንዱን እብጠት በጣቴ ብጫነው ተሰነጠቀና ከውስጡ እንደ ዱቄት የላመ ድንጋይ ፈሰሰ። ነገሩ ግልጽ ነው። ግድግዳው ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ሲሚንቶውና ቀለሙ ሲዘጉበት ለስላሳውን ድንጋይ መውጫ ያደርገዋል። ይዞት የመጣው ጨው ከገጹ ሥር ይጠጥርና ድንጋዩን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ያፈርሰዋል።

በዚያው መስኮት መቃን ላይ ቀለሙን በስለት ጫፍ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ከነጩ ሥር ግራጫ አለ፤ ከግራጫው ሥር የሸክላ ቀይ። ይህ የቤቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥበቃና ዕድሳት የተጻፈው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የየዘመኑ አሻራ ይከበር፣ የዕድሳት ግብ ሁሉን አንድ ዓይነት ማድረግ አይደለም ይላል። የእናንተ አንቀጽ ተቃራኒውን ያዛል።

የጤናም ጉዳይ አለበት። አሮጌ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። አሜሪካ እንኳ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሳይመረመር በአሸዋ ከተመታ አቧራው ሠራተኛው ሳንባ ይገባል፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ ላይም ይተኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃው ይታረም። አሸንዳው ይጠገን፤ ከደፉ ሥር ያለችው ጠብታ ማራገፊያ ቦይ በቀለምና በሲሚንቶ ተደፍና ከሆነ ትከፈት። ይህች ጠባብ ቦይ ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይንሸራተት የምታስቀር ናት፤ እሷን ረስቶ ቀለም መቀባት ድካም ብቻ ነው። ቀለም ማንሣት ካስፈለገ በማይታይ ጥግ ይሞከር፤ ከቀላሉ ተጀምሮ፣ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ ካልሆነ በእንፋሎት ወይም እንደ ሊጥ በሚለጠፍ ማስለቀቂያ። አጥብቆ የያዘ ቀለም ድንጋዩን እስካልጎዳ ይቆይ። የተሸረፈው ከድንጋዩ በለሰለሰ የኖራ ምርጊት ይጠገን። ክፉኛ የተበላው ብቻ በተመሳሳይ ድንጋይ ይተካ። መቀባት ያለበትም በኖራ ወይም እርጥበት በሚያሳልፍ የሲሊኬት ቀለም ይቀባ።

ይህ መንገድ ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ የጊዜ ገደቡ ይራዘምልን። ኖራ የሚያውቁ ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎችም አንቀጹ እንደገና ሲጻፍ ይጠሩ። ፈቃድ ወስደው ሥራ ላልጀመሩ ባለቤቶች ግን ዛሬውኑ ይነገራቸው፤ አሸዋ መርጫውን እንዳይከራዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሮ ቤት ባለቤት