ነጠብጣቡን ዓሣ በስሙ ጥሩልኝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በር ላይ ሻይ ይዤ ነው። ሰሞኑን በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አየሁና ሻዩን አስቀመጥኩት። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ትልቅ ዓሣ። ከሥሩ «ዓሣ ነባሪ» ብላችሁ ጽፋችኋል።

ዓሣ ነባሪ አይደለም። ዌል ሻርክ ይባላል፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ሻርክ ነው፣ ዓሣ ነው። ዓሣ ነባሪ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። ይሄኛው እንደማንኛውም ዓሣ በስንጥቡ ነው የሚተነፍሰው። በፎቶ ለመለየት ጅራቱን ማየት ይበቃል። የዓሣ ነባሪ ጅራት ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። የሻርክ ጅራት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመታል። እናንተ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ጅራቱ ቆሟል።

ይህን የምጽፈው እናንተን ለማሳጣት አይደለም። ያንን ዓሣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ከእጄ ብዙም ሳይርቅ። ያየሁት ደግሞ ሩቅ አገር ሄጄ አይደለም፣ እዚሁ ጎረቤት ጅቡቲ ነው። ጎረቤታችን መሆኑ ሳይነገር በዚያ ስም መውጣቱ ከነከነኝ።

እኛ ድሬዎች ከባሕር ጋር ያለን ነገር የተለየ ነው። ከተማችን የተወለደችው ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚህ እስከ ባሕሩ በድሮው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ በጣም እንቀርባለን። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስትገባ የምታየው ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ ሁሉም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ግን ማንንም ድሬ ላይ «ባሕር» ብትለው ወደብ፣ ኮንቴይነር፣ ቀረጥ ነው የሚመጣለት። ጋዜጣውም እንደዚያው ነው፤ ባሕር የሚለው ቃል ከወጣ አጠገቡ የክሬን ፎቶ አለ። አባቴ የሼመንደፈር፣ የባቡሩ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጅቡቲ ሲመላለስ ኖሯል። ልጅ ሆኜ ባሕር ምን እንደሚመስል ስጠይቀው «ሙቀት ነው ልጄ፣ ሙቀትና ጨው» ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተመላልሶ ጭንቅላቱን አንድ ቀን ውኃው ውስጥ አላስገባም። ማንም አሳይቶት አያውቅማ።

እኔን ያሳየኝ የእህቴ ባል ነው። እህቴ ትዳሯ ጅቡቲ ነው። ታኅሣሥ ላይ ልጠይቃት ሄጄ «ነገ ጠዋት ካሜራህን ያዝ» አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አርታ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ። ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ ነፋሱ ሲቀየር፣ በውኃው ውስጥ በዓይን የማይታዩና ለመታየት ጥቂት የቀራቸው ፍጥረታት ይበዛሉ። ፕላንክተን ይባላሉ። ዌል ሻርኮቹ የሚመጡት እነሱን ለመብላት ነው፣ እስከ ጥር የካቲት ድረስ ይቆያሉ። እዚያ የሚመጡት በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር። ያደገው ከ12 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ጀልባ ነጂው ሶማሌ ነበር፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ። ከዳርቻው ብዙም ሳንርቅ ሞተሩን አጠፋና በጣቱ አሳየኝ። «ሊባሕ በዴድ» አለ። እኔም ሶማልኛ ስለምሰማ ደነገጥኩ፤ የባሕር አንበሳ ማለት ነው፣ ሻርክን እንደዚያ ነው የሚሉት። ፊቴን አይቶ ሳቀና «ዋላል፣ ይሄኛው አንበሳ ሾርባ ነው የሚጠጣው» አለኝ። እውነቱን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥርሶች አሉት፣ ግን የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ናቸው፣ አይነክስባቸውም። አፉን ከፍቶ ውኃውን ያስገባል፣ በስንጥቡ ያስወጣል፣ የቀረውን ይውጣል። በቃ።

መነጽሬንና የመተንፈሻ ቱቦዬን አድርጌ ገባሁ። በመጀመሪያ ምንም አላየሁም። አረንጓዴ፣ የደፈረሰ፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ያለ ውኃ። ከዚያ ከፊት ለፊቴ አፍ መጣ። አፍ ብቻ! ሰፊ፣ ክፍት፣ ነጭ። እግሬን ሰብስቤ ወደ ጎን ተንከባለልኩ። ያ ሁሉ አካል አጠገቤ ሲያልፍ አየሁት፦ መጀመሪያ ትንሿ ዓይኑ፣ ቀጥሎ አምስቱ የስንጥብ መስመሮች፣ ቀጥሎ ነጠብጣቡ፣ ነጠብጣቡ፣ ነጠብጣቡ፣ አላልቅ አለ። ሁለት ባጃጅ ተከታትለው ቢቆሙ የሚያህል ርዝመት። ከሆዱ ሥር ሁለት ትናንሽ ዓሦች ተለጥፈው አብረውት ይጓዛሉ። ዓይኑ የሚከደን ቆብ የላትም፤ ትንሽ ስቀርበው ወደ ውስጥ ሳባትና ቦታዋ ጎድጓዳ ሆነ፣ ከዚያ መልሶ አወጣት። እንደዚያ ማድረግ መቻሉን በኋላ ነው ያነበብኩት፤ ያን ጊዜ የጠቀሰኝ ነው የመሰለኝ። ጅራቱ ሲያልፍ የገፋው ውኃ ደረቴን ነካኝ። ድምፅ የለውም። ያን የሚያህል ነገር አጠገብህ አልፎ ኮሽ አይልም።

አሁን ስለ ፎቶው ልናገር፣ ሙያዬ ስለሆነ። ሃያ ዓመት ሠርግ አንስቻለሁ፣ ብርሃን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ውኃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይቀየራል። ውኃ ቀለምን ይበላል፣ ያውም ከቀይ ጀምሮ ነው የሚበላው። አምስት ሜትር ገደማ ከወረድክ ቀይ ነገር ሁሉ ይደበዝዝና ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ቀጥሎ ቢጫው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሰማያዊ ነው። የእህቴ ባል ቀይ ቁምጣ ነበር የለበሰው። ትንሽ ጠለቅ ሲል ያነሳሁትን ፎቶ ሳየው ቁምጣው ያረጀ ቆዳ መስሏል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የራሳቸውን መብራት ይዘው የሚወርዱት፤ ኮራል የሚባለውን የባሕር ሥር ፍጥረት የመሰለ ያን ሁሉ ቀለም ያለው ነገር ያለ መብራት ብታነሳው ግራጫ ድንጋይ ነው የሚሆንብህ። ዌል ሻርክ ላይ ግን ፍላሽ አይበራም። እንስሳውን ይረብሸዋል። ደግሞ ባበራም አይሆንልኝም ነበር፣ ምክንያቱም ከካሜራው አጠገብ የሚበራ ፍላሽ ውኃው ውስጥ ያለውን እያንዳንዷን ብናኝ ነጭ ያደርጋታል፣ በረዶ የዘነበ ይመስላል።

140 ፎቶ አነሳሁ። ሦስቱ ደህና ወጡ። በሦስቱም ላይ ያለ ፍላሽ እንኳን ነጫጭ ጉድፍ አለ። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ፤ ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ጉድፍ ካለ ደንበኛው ገንዘቡን ነው የሚጠይቀኝ። ማታ እህቴ ቤት ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ነው የገባኝ። ጉድፉ ፕላንክተኑ ነው። ዓሣው እዚያ ድረስ የመጣው ለዚያ ጉድፍ ነው። ውኃው ጥርት ቢልልኝ ኖሮ ዓሣው አይኖርም ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የነጠብጣቡ ነገር ነው። የሁለት ዌል ሻርክ ነጠብጣብ አይመሳሰልም፣ እንደኛ የጣት አሻራ ማለት ነው። በፈረንጆች 2005 ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አሳተሙ፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች በሰማይ ፎቶ ላይ የከዋክብትን አቀማመጥ የሚያመሳክሩበትን ስሌት ወስደው ለዓሣው ነጠብጣብ አዋሉት። አሁን ማንኛውም ዋናተኛ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን የግራ ጎኑን አንስቶ ከላከ፣ ያ ዓሣ ከዚህ በፊት የት፣ መቼ እንደታየ ሊታወቅ ይችላል። አንተ ለማስታወሻ ያነሳኸው ፎቶ ለምርምር ሥራ ይውላል። እኔም ልኬያለሁ። ሠርግ ሳነሳ ፎቶዬ አልበም ውስጥ ይቀመጣል፣ ያምራል፣ ደስ ይለኛል። ይሄ ደግሞ ሌላ ዓይነት ደስታ ነው።

አንድ የከፋኝ ነገርም አለ። ካየኋቸው ውስጥ የአንዱ የጀርባ ክንፍ ጫፉ የለም፤ ከሥሩ ሦስት ትይዩ ጠባሳ አለ። ጀልባ ነጂው የሞተር ምላጭ ነው አለኝ። ዌል ሻርክ ሲበላ ውኃው ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ቀስ ብሎ፣ ስለዚህ ጀልባም መርከብም ይመታዋል። ከፈረንጆች 2016 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የአገራችን ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጅቡቲ ነው። እኔ ፎቶ ቤት ውስጥ ያለው ማተሚያ፣ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ በዚያው በኩል ነው ያለፈው። ያ ባሕር ያበላናል። ውስጡ ማን እንደሚኖር ግን ስሙን እንኳን አናውቅም።

ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ፎቶ አንሺ ጓደኞቼም ብለውኛል፣ «አቦ፣ የኛ አገር ባሕር የለው፣ ምን አገባን» እያሉ። ባሕር ሥር ፎቶ ማንሳት ግን አሁን የመጣ ነገር አይደለም። ሉዊ ቡታን የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆች 1893 ባሕር ሥር ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ባቡሩ ድሬ ከመድረሱ ዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1926 ደግሞ አሜሪካ ፍሎሪዳ አጠገብ ሁለት ሰዎች በታንኳ ላይ የማግኒዥየም ዱቄት እያነደዱ፣ በዚያ ብልጭታ የመጀመሪያውን የባሕር ሥር ባለ ቀለም ፎቶ አነሱ። ዓሣ ነው ያነሱት። በባሩድ ያህል በሚፈነዳ ነገር፣ ለአንድ ዓሣ! ዛሬ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ካሜራ ተውሶ መግባት ይቻላል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ባሕር የለንም ለሚሉትም ድሬን ዞር ዞር ብለው ይዩልኝ። በከተማው ዙሪያ ያለው፣ ሲሚንቶ የምንሠራበት የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። ልጅ ሆነን ኮረብታው ላይ ፍየል ስናባርር የዛጎል ቅርጽ ያለው ድንጋይ እናገኝ ነበር። ድንጋይ ብለን ወረወርነው። ቤቶቻችን የቆሙት የባሕር ወለል ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህች ናት። ሰኔ 1 የዓለም ውቅያኖሶች ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ከፈረንጆች 2009 ጀምሮ በየዓመቱ ያከብረዋል፣ ከቀኑ ጋር የተያያዘ የውቅያኖስ ፎቶ ውድድርም አለው። ዘንድሮ በሰኔ 1 እትማችሁ ግማሽ ገጽ ስጡን። ክሬን አይኑርበት፣ ወደብ አይኑርበት። ከባሕሩ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ይውጣ፣ ከቀይ ባሕር ወይም ከታጁራ ቢሆን ደግሞ የኛው ሰፈር ነው። ኮራል ይሁን፣ የባሕር ዔሊ ይሁን፣ ዶልፊን ይሁን፣ እናንተ ምረጡ። ከሥሩ የእንስሳው ስም፣ የተነሳበት ቦታና ያነሳው ሰው ስም ይጻፍ፤ ከኢንተርኔት እንዲሁ ተነስቶ አይለጠፍ። ፎቶ ማንሳት የሚማሩ ልጆች ፎቶ ቤቴ ይመጣሉ፣ ያንን ገጽ ቆርጬ ግድግዳው ላይ እለጥፍላቸዋለሁ።

ፎቶ ከቸገራችሁ ከሦስቱ አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም። የግራ ጎኑ ነው፣ ከስንጥቡ ኋላ፣ ነጠብጣቡ በደንብ ይታያል። በላዩ ላይ ያለውን ነጫጭ ጉድፍ በኮምፒውተር ማጥፋት እችል ነበር፣ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እናንተም እንዳታጠፉት፣ ቁርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሠርግ ፎቶ አንሺው፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ