የማዕድን ሽርክና የሚበላሸው ቁፋሮ ሳይጀመር ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ማዕድን ልማትና ስለ አካባቢው ነባር ሕዝብ ሽርክና ሲጻፍ ዘወትር የሚነሳው ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና መንገዱ ነው። ውሎች የሚበላሹት ግን እዚያ አይደለም፤ «ትርፍ» በሚለው ቃል ፍቺና ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ባልተቀዳ ውሃ ነው።

«ከትርፉ 5 በመቶ» ሲባል ደስ ይላል። ኩባንያው ግን መጀመሪያ የግንባታ ወጪውን፣ የብድር ወለዱንና የመሣሪያ እርጅናውን ያወራርዳል። ምርቱን ለእህት ኩባንያው በርካሽ ከሸጠ ደግሞ ትርፉ ሌላ አገር ይመዘገባል። ከሽያጭ ገቢ የሚታሰብ ሮያሊቲ (ለመሬቱ ባለቤት የሚከፈል ድርሻ) ግን ምርት በተጫነ ቁጥር ይከፈላል፤ ለማጣራትም የሚዛን ደረሰኝ፣ የላቦራቶሪ የይዘት ውጤትና የገበያው ዋጋ ይበቃሉ። ሁለቱን ማቀናጀትም ይቻላል። በአላስካ የሬድ ዶግ ዚንክ ማውጫ፣ የመሬቱ ባለቤት የሆነው የኢኑፒያት ሕዝብ ኩባንያ ናና እ.ኤ.አ. በ1982 የፈረመው ውል ይህን አድርጓል፦ አልሚው ካፒታሉን እስኪመልስ 4.5 በመቶ ሮያሊቲ፤ ከዚያ በኋላ ከተጣራው ገቢ 25 በመቶ፣ በየ5 ዓመቱ 5 ነጥብ እየጨመረ እስከ 50።

የውሃው ጉዳይ ይብሳል። ከማውጫው በላይና በታች፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በበጋም በክረምትም ናሙና ካልተወሰደ ማወዳደሪያ የለም። ኩባንያው «አርሴኒኩ ድሮም ነበረ» ቢል ማን ይረታዋል? (እውነቱንም ሊሆን ይችላል።) ለሟሟ ብረታ ብረት ምርመራ የሚላከው ናሙና በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀርና ውሃው ንጹሕ ይመስላል። ናሙናው ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ነዋሪው ራሱ ወደመረጠው ላቦራቶሪ ይሂድ።

በውሎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የውሃ ብክለት ማንቂያውን በፒኤች ላይ ብቻ መጣል ነው። ፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ያለበት ድንጋይ አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኖራማ ማዕድን ግን አሲዱን ለዓመታት ሊያከሽፈው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ፒኤቹ 7 አካባቢ እንደቆመ ከአሲዱ የሚቀረው ሰልፌት ብቻውን ከውሃው ጋር ይወጣል። ኖራው ሲያልቅ ፒኤቹ ይወድቃል፤ ያኔ ማቆም እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ «ሰልፌት ከመነሻው ልኬት እጥፍ ከሆነ ከማውጫው በሚወጣው የተረፈ ድንጋይ ክምር ላይ ድንጋይ መድፋት ቆሞ ይመርመር» የሚል፣ ቁጥር ያለው አንቀጽ ያስፈልጋል።

ፈቃድም አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ መሆን የለበትም። በአውስትራሊያ ጁካን ገደል የነበረን ዋሻ ለማፈንዳት እ.ኤ.አ. በ2013 ለማዕድን ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በተደረገ ቁፋሮ ዋሻው የ46,000 ዓመት የሰው ልጅ ኑሮ አሻራ እንዳለው ታወቀ፤ ሕጉ ግን በአዲስ መረጃ ፈቃዱን መልሶ ለማየት መንገድ አልነበረውም። ዋሻው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ፈነዳ።

ማውጫው ሲዘጋ ለማጽዳት የሚያዘው የዋስትና ገንዘብ በኩባንያው የራሱ ማሽን ሒሳብ አይተመን፤ የውጭ ተቋራጭ በሚያስከፍለው ዋጋ ይተመን። ኩባንያው ሲከስር ዶዘሮቹን ቀድሞ የሚወስዳቸው ባንኩ ነው።