ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ በግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ኬጅ ከመተከሉ በፊት ደንቡ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ በኃይል ማመንጫ ግድቦች የተፈጠሩ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ለዓሣ እርባታ ይዋሉ የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ሲነሳ እንሰማለን። ለጅማ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የግልገል ጊቤ ሐይቅ ደጃችን ላይ ነው። ዓሣ ከገበታችን እንዲገኝ፣ በሐይቁ ዳር ያሉ ወጣቶችም ሥራ እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ። ይሁን እንጂ የሁሉም በሆነ ውኃ ላይ የጥቂቶች ኬጅ፣ ማለትም ዓሣ የሚረባበት በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የመረብ ቤት፣ እንዲተከል ከመፈቀዱ በፊት፣ ውኃው ምን ያህል እርባታ እንደሚችል፣ ማን የት ላይ እንደሚሠራና የተሰጠው ፈቃድ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስን ደንብ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የተፈተኑት በጋራ የባሕር ዳርቻ ላይ ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ የሚያረቡ አገሮች ናቸው። ኦይስተር መኖ አይሰጠውም፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ዕፀዋት እያጣራ ይመገባል፤ አንድ የጎለመሰ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ እንደሚችል ይነገራል። ውኃን የሚያጠራ እንስሳ ምን ቁጥጥር ያስፈልገዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ማሬን ኦሌሮን በሚባለው የባሕር ወሽመጥ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ አርቢ በድርሻው ላይ ኦይስተር ሲጨምር ምግቡ ለሁሉም አነሰ፤ አንድ ኦይስተር አድጎ ለገበያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜም ከእጥፍ በላይ ረዘመ። በወል ግጦሽ ላይ ሁሉም ከብት ሲጨምር የሁሉም ከብት እንደሚከሳው ማለት ነው። በዚያች አገር የባሕሩ ዳርቻ የመንግሥት ነውና አይሸጥም፤ ለአርቢው የሚሰጠው በዘመን የተገደበ የመጠቀም መብት ብቻ ሲሆን፣ በየአካባቢው ምን ያህል ማርባት እንደሚቻልም በደንብ ይወሰናል።

የዓሣ ኬጅ ደግሞ ከኦይስተር የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ዓሣው መኖ ይሰጠዋል። በኬጅ የሚረባ ቆሮሶ አንድ ኪሎ ለመጨመር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያላነሰ መኖ ይፈልጋል፤ ያልተበላው ፍርፋሪና የዓሣው እዳሪ በመረቡ ሾልኮ ወደ ሥር ይወርዳል። ሥር የተጠራቀመው ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚያ ነፋስ በሚበረታበት ወይም አየሩ በድንገት በሚቀዘቅዝበት ቀን የሥረኛው ውኃ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲስቡ ይታያሉ፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይም ያልቃሉ። በኬጅ ውስጥ ያለው ዓሣ የሚሸሽበት የለውም፤ ከኬጁ ውጭ ያለውም ቢሆን አይተርፍም ይሆናል።

በፊሊፒንስ በላጉና ደ ቤይ ሐይቅ የደረሰውም ያለ ልክ የመፍቀድ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሙከራ የተጀመረው የታጠረ የዓሣ እርባታ በ1983 ወደ 90,000 ሄክታር ከሚጠጋው ሐይቅ ከሲሶ በላይ የሆነውን ያዘ። መረብ ጥለው የሚያድሩት ትንንሽ አስጋሪዎች መተላለፊያ አጡ፤ ባለ ገንዘቦቹና አስጋሪዎቹም ደም እስከ መፋሰስ ደረሱ። መንግሥት አጥሮቹን ለማስነሳት ዓመታት ፈጅቶበታል። አንዴ የተተከለን ማንሳት፣ ሳይተከል ልክ ከማበጀት እጅግ ይከብዳል።

የእኛን ሐይቅ ልዩ የሚያደርገው ነገር አለ። ሐይቁ የተፈጠረው በ1996 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃም 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ጊቤ ሁለት ወደሚባለው ሌላ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ስለዚህ የውኃው ከፍታ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል፤ ኬጅ የት ይተከል የሚለውም መታየት ያለበት በዝቅተኛው ከፍታ እንጂ ሐይቁ ሞልቶ ባማረበት ወር አይደለም። ግድቡ ሲሠራ ማሳቸውና ግጦሻቸው በውኃ የተዋጠባቸው ገበሬዎች አሉ። ከእነዚህ ቤተሰቦች የወጡት ወጣቶች ዛሬ ማታ መረብ ጥለው ንጋት ላይ የሚያነሱ ከሆነ፣ የኬጁ መልሕቅ ገመድ ከኬጁ ርቆ በውኃው ሥር ስለሚዘረጋና መረባቸውን ስለሚይዝባቸው፣ ቦታው ሲመረጥ ቀድመው ሊጠየቁ ይገባል።

ጅማ ከተማም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። አዌቱ ወንዝ የከተማችንን ፍሳሽና ቆሻሻ ይዞ በቦዬ ረግረግ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይገባል። በየዓመቱ እሸት ቡና በሚታጠብበት ወራት ከማጠቢያ ጣቢያ ጉድጓድ ሞልቶ የሚወርደው ጥቁር፣ ጎምዛዛ ሽታ ያለው ውኃ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ ከብት እንኳ ከዳር ቆሞ ሲያሸት ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኦይስተር በቀጥታ ለገበያ የሚወጣው ከብዙ ናሙናዎች በአብዛኞቹ በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ በእዳሪ መበከልን የሚያሳየው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቁጥር ከ230 ካልበለጠ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ መንጻት አለበት፣ ከልክ ካለፈም ጨርሶ አይሰበሰብም። ይህ ሕግ ከላይ ያለውን ከተማ ፍሳሽ ከታች ካለው አርቢ ኪሳራ ጋር ያገናኘዋል። እኛም ለኬጅ ፈቃድ የምንሰጥ ከሆነ ለአዌቱና ለቡና ማጠቢያዎች ፍሳሽ ያለብንን ኃላፊነት አብረን መፈረም ይኖርብናል።

የዘሩ ነገርም አለ። ፈረንሳዮች የቀድሞ ኦይስተራቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበሽታ ሲያልቅ ከጃፓን ሌላ ዝርያ አመጡ፤ ከእሱም ጋር ያልጠሩት የባሕር አረም ተከትሎ ገባ። ቆሮሶ የአገራችን ዓሣ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል ተብሎ ከውጭ የተሻሻለ ዘር ሳይመረመር ከኬጅ ቢያመልጥ፣ ሄዶ ከአገሬው ጋር ይዳቀላል፣ ይዞት የመጣ በሽታ ካለም ለመላው ተፋሰስ ይተርፋል።

ሕግ የለንም አልልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ ተሳትፎን ይጠይቃል። የጎደለው ለዚህ ሐይቅ የሚሆን ዝርዝር ነው፦ የሐይቁን ክልል የሚለይ ካርታ፣ ከጠቅላላው ስፋት ለኬጅ የሚፈቀደው ድርሻ፣ የኦክስጅን መጠን ከተወሰነው ሲወርድ መኖ የሚቆምበት ደንብ፣ በዓመታት የተገደበ የፈቃድ ዘመን። ለመለኪያው ሥራ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን አለ።

ጋዜጣዎ የዞኑንና የክልሉን የግብርና ኃላፊዎች ይህ ዝርዝር በማን እጅ እንዳለና መቼ ለውይይት እንደሚቀርብ ጠይቆ፣ የሚያገኘውን መልስ ለአንባቢ እንዲያቀርብልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጅማ ከተማ ነዋሪ