የአያቴን ድምፅ አልቀዳሁትም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጎንደር ሲጻፍ ሁሌም ከግንቡ ይጀመራል። ዐፄ ፋሲል፣ 1628 ዓ.ም.፣ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የዩኔስኮ መዝገብ። ደግ ነው። ለእኔ ግን ከተማዋን ያሳወቀችኝ ቡና እያፈላች የምታወራልን አያቴ ናት።

ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። "ንቡ ወጥቶ ነው የመለሳቸው" ትለን ነበር። እጇን እያርገበገበች የንቡን ድምፅ ታሰማናለች። እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። እስከ ዛሬ በቅጽሩ በር ሳልፍ ጆሮዬ ያንን ድምፅ ይፈልጋል።

ፒያሳም እንዲሁ ነው። ሕንፃዎቹን ጣሊያን እንደሠራቸው መጽሐፍ ይነግረናል። በጥላቸው ሥር ማን ጫማ እየጠረገ ልጆቹን እንዳሳደገ፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር ማን ከማን ጋር እንደተቀጣጠረ የሚነግረን ግን ሰው ነው። ያ ሰው እያረጀብን ነው። አያቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። ስልኬ ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን አልቀዳሁም። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።

እባካችሁ በየእትሙ ለአንድ የሰፈር ሽማግሌ ወይም ባልቴት ቦታ ስጡ። ከአዘዞም ይሁን፣ ከአዲስ ዓለም፣ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎችም። አንዱ ያሉትን ሌላው ቢያፈርሱት ሁለቱንም አትሙት።

እኔ በፊታችን እሁድ ጎረቤታችን ከሆኑ አንድ አባት ዘንድ እሄዳለሁ። ያወሩኝን ጽፌ እልክላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር